ከአሰላ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

አሰላ ላይ አንድ ሰው «ልጄ ጋ አሜሪካ ልሄድ ነው» ሲል፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» ከተባለ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» መልሱ እንደ መላሹ ነው። አንዱ 13 ሰዓት ይላል። ሌላው 17 ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው «እኔስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል» ይላል። ከሦስቱ የዋሸ የለም። የመጀመሪያው የመመለሻውን በረራ ቆጥሯል፤ ሁለተኛው መሄጃውን፣ መካከል ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር፤ ሦስተኛው ደግሞ ሻንጣውን ከግቢው በር ካወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ልጁ ቤት ጫማውን እስኪያወልቅ ያለውን ሁሉ።

ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። አንድ ክር፣ አንድ ሉል፣ እርሳስና ትኬትዎ ይበቃሉ። እዚህ የምሠራው ምሳሌ ዋሽንግተን ነው፤ ከዘመድ ወዳጅ የሚጠየቀው እሱ ስለሚበዛ። ዘዴው ግን ለጅዳም፣ ለስቶክሆልምም፣ ለሜልቦርንም ያው ነው።

ርቀቱን በክር

በአቅራቢያዎ ካለ ትምህርት ቤት፣ ከማበልጸጊያ ማዕከሉ፣ ሉል ይዋሱ። የሉሉን ወገብ፣ ማለትም የምድር ወገብ መስመርን፣ በክር ይዙሩና በማስመሪያ ይለኩ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 40,000ን ለለኩት ሴንቲ ሜትር ሲያካፍሉ አንዷ ሴንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሸከም ያገኛሉ። የሉሉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94 ይሆናል፤ አንዷ ሴንቲ ሜትርም 425 ኪሎ ሜትር ያህል ትይዛለች።

አሁን የክሩን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ዋሽንግተን ይሳቡና ይወጥሩ። ክሩ ተወጥሮ ራሱ የመረጠው መንገድ አጭሩ መንገድ ነው። ከ27 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ በ425 ሲባዛ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር፣ በማይል 7,185 አካባቢ። በቦሌና በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው ርቀት በሒሳብ ቀመር ሲሠራም የሚገኘው ይኸው ነው።

የአገራችን ሰው ርቀትን በሩጫ ይረዳልና እንዲህ ልበለው፦ ይህ 1,156 ጊዜ 10,000 ሜትር መሮጥ ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ሄንግሎ ላይ ባስመዘገበው 26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ፍጥነት ሳያርፍና ሳይተኛ ቢሮጥ፣ 21 ቀን ተሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳል። ባሕሩን እንዴት እንደሚሻገር ለእሱ እንተውለት።

ክሩ ምን ምን ላይ እንዳለፈ ልብ ይበሉ። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ ሰማይ ያልፍና ስፔንና ፖርቱጋልን ነክቶ ወደ አትላንቲክ ይገባል። የክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ማስመሪያ ቢያደርጉ ግን መስመሩ በቻድና በማሊ በኩል ነው የሚወጣው። ካርታው ክብን ነገር ዘርግቶ ስላነጠፈው ያታልላል፤ ማታለሉም ትኬት ሲገዙ ኪስዎ ድረስ ይመጣል። «አየርላንድ ለምን እወጣለሁ? ያ ሰሜን ነው፤ እኔ የምሄደው ወደ ምዕራብ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ክሩን በደብሊን በኩል አዙረው ይለኩት፦ 11,830 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ብቻ ነው። በፍራንክፈርት 11,900 ገደማ። ካርታው ላይ «በቀጥታ መንገድ ላይ ያለች» የምትመስለው የቶጎዋ ሎሜ ግን 12,750 ታደርሰዋለች። በዱባይ መሄድ ደግሞ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ ምዕራብ እንደ መራመድ ነው፤ ከ13,800 በላይ ይሆናል። ርካሽ ትኬት ሲያገኙ መጀመሪያ ክሩን ያንሱና ርካሹ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተገዛ ይወቁ። ማቆሚያው አውሮፓ ከሆነ ደግሞ የትራንዚት ቪዛ ጥያቄ ስላለ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው አውሮፕላን ለመቀየር ምን እንደሚያስፈልግ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ «የአሰላ–ዋሽንግተን የበረራ ርቀት» ብለው ቢፈልጉ 11,670 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚል ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። ሒሳቡ ልክ ነው። ከአሰላ የሚነሣ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ግን የለም። ያ ቁጥር በእርሻውና በጭላሎ ጫፍ ላይ በአሞራ የሚለካ ርቀት ነው። እርስዎ መጀመሪያ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይሄዳሉ።

ለሌሎቹ መንገደኞች ደግሞ፣ ከቦሌ ጅዳ 1,400፣ ዱባይ 2,500፣ ስቶክሆልም 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስቶክሆልምን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ፣ የጭላሎው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሲቋቋም ከዚያ አቅጣጫ ወደ አሰላ የመጡ ብዙ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ዛሬም ስለ ስዊድን እንደ ጎረቤት ወረዳ ነው የሚያወሩት።

መሄጃው ለምን ይረዝማል?

ትኬትዎን ቢያዩት፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ይቆማል። ደብሊንና ሎሜ ባለፉት ዓመታት እንዲህ ያገለገሉ ከተሞች ናቸው። መመለሻው ግን ያለ ማቆሚያ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ያው አውሮፕላን፣ ያው ርቀት። ሰው «ተሳፋሪ ሊጭኑ ነው» ይላል፤ እሱም ሊኖር ይችላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ደጋ ላይ መሠራቱ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚነሣው አየርን ተደግፎ ነው፤ ሞተርም ነዳጅ የሚያቃጥለው አየር ስቦ ነው። ሁለቱም ሩብ ያህል ጎደለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከምድር ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ መሮጫ ይፈልጋል፤ መሮጫው ደግሞ መጨረሻ አለው። መንገደኛውን፣ ሻንጣውንና ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። አንዱ መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ አርፎ ይሞላል። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ በማይሞላ ከፍታ ላይ ስላለ፣ ሲመለስ ጠግቦ ይነሣል።

ይህን ለአርሲ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አሰላ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ 2,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያሳደገው ያው ስስ አየር ነው። ልዩነቱ ሰው ደጋ ላይ ሲኖር ደሙ ቀይ ሕዋሱን አበርክቶ የጎደለውን ማካካሱ ነው፤ ሞተር ደም የለውም። ለሯጭ ስጦታ የሆነው ለአውሮፕላን ዕዳ ሆነ።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የተወጠነው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ቦታው ሲመረጥ ይህም ታስቦበታል። ለአሰላ መንገደኛ ሁለት ጥቅም አለው፤ አውሮፕላኑ የበለጠ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይችላል፣ መንገደኛውም አዲስ አበባ ሳይገባ ይሳፈራል። እስኪሠራ ድረስ ግን ቦሌ ነን።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ጅረት አለ፤ በተለይ በአሜሪካኖቹ ክረምት ይበረታል። ሲሄዱ ፊትዎን ይመታል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

የበረራውን ሰዓት ለመገመት እንግዲህ ርቀቱን ለ900 ያካፍሉ፣ ለመነሣትና ለማረፍ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ይጨምሩ፣ ከዚያ ለዙሪያ ጥምጥሙ ከአሥር አንድ እጅ ይጨምሩበት። ስቶክሆልም፦ 5,900 ለ900 ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከጭማሪው ጋር ስምንት ሰዓት ገደማ። ዙሪያ ጥምጥሙ ከንቱ ጭማሪ አይደለም፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ ስለሆነች አብዛኛው ሰማይዋ ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ሆኖ፣ ክሩ የሚያልፍበትን ቀጥታ መንገድ መተው ግድ ሆኗል። ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን ሁለቱንም ጭማሪ ይተዉት፤ ነፋሱ ይከፍልልዎታል። 12 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ይሆናል። ሲሄዱ ሁለቱን ጉዞ ለየብቻ አስልተው የማቆሚያውን አንድ ሰዓት ሲደምሩ 17 ሰዓት አካባቢ ይመጣል።

የትኬቱ ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ጭምር። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት። የሚጻፈውም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከ0 እስከ 24 እየተቆጠረ ነው። ወደ እኛ ለመመለስ፣ ከ7 እስከ 18 ያለውን 6 ይቀንሱለት፤ 07:30 ከጠዋቱ 1፡30፣ 14:15 ከቀኑ 8፡15 ነው። ከ19 እስከ 23 ያለውን 18 ይቀንሱለት፤ 22:30 ከምሽቱ 4፡30 ነው። ከ0 እስከ 6 ያለውን 6 ይደምሩበት፤ 00:40 ከሌሊቱ 6፡40፣ 03:00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ይህን ትኬቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጻፉት፤ በቃል አይያዙት። በድካም ሰዓት የሰው ልጅ 6 መደመሩንና መቀነሱን ያምታታል።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያጠፋው ግን ቀኑ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ የመሸበት ቀን ነው፤ እስኪነጋ ድረስ «ረቡዕ ሌሊት» ነው የምንለው። አሁን ትኬቱ «ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15፣ 00:40» ቢል፣ በእኛ ሐሙስ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው። ሰውየው «ሐሙስ ሌሊት 6፡40» ብሎ ያነበዋል፤ ሐሙስ ቀኑን ሲሰናበት ይውልና ሐሙስ ማታ ቦሌ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎታል። መሄድ የነበረበት ረቡዕ ማታ ነው።

ሳጉሬ ያለች አክስቴ፣ አዳዳ የምንላት፣ ወደ ጅዳ ስትሄድ ትኬቱን ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሻንጣዋን እየገፋሁ፣ በኩራት ቦሌ ደረስኩ። የበሩ ጠባቂ ትኬቱን አይቶ እኔን፣ ከዚያ እሷን አየ። አዳዳ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ወደ ቤት ስንመለስ አዳማ ላይ ሻይ ገዛችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

መድኃኒቱ ግን አፋችን ውስጥ ኖሮ ነበር። አማርኛ ለዚህ ሰዓት ቃል አለው፦ አጥቢያ። ከ00:00 እስከ 06:00 የሚነሣ በረራ ሁሉ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ተብሎ ይነገር፣ ይጻፍም። ለሾፌሩም፣ ለሚሸኙዎትም፣ እዚያ ለሚቀበልዎትም እንዲህ ይንገሩ። «ሐሙስ ሌሊት» የሚለውን አነጋገር ከጉዞ ወሬ ውስጥ ያውጡት።

አሁን ሁለቱን ከተሞች እናገናኝ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አታዛውርም፤ አሜሪካኖች ያዛውራሉ። በእነርሱ ክረምት ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በበጋቸው 7። ለውጡ የሚደረገው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ ማለትም በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ቀናት፣ እና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢሉ፣ አሰላ ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ 39 ዲግሪ፣ ዋሽንግተን በስተ ምዕራብ 77 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ ድምሩ 116 ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ 116 ለ15 ስምንት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጅዳና ሪያድ ለሚሄዱ ደግሞ ምንም ሒሳብ የለም፤ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዱባይ 1 ሰዓት ትቀድመናለች። ስቶክሆልም በክረምቷ 2፣ በበጋዋ 1 ሰዓት ከኋላችን ናት።

በምሳሌ ትኬት እንሥራው። በጥር ወር ከአዲስ አበባ 22:30 መነሻ፣ ዋሽንግተን በማግሥቱ 08:00 መድረሻ ይበል። የዋሽንግተኑን ሰዓት ወደ እኛ ለማምጣት 8 ይደምሩ፤ 16:00 ይሆናል። ከ22:30 እስከ ማግሥቱ 16:00 አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል። ለመመለሻው፣ ዋሽንግተን 11:00 መነሻ፣ አዲስ አበባ በማግሥቱ 07:30 መድረሻ ቢሆን፣ 11 ላይ 8 ሲደመር 19:00፤ ከዚያ እስከ 07:30 አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ሰዓት ሳያስቀምጡ መቀነስ ከጀመሩ «ሲሄድ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለስ 20 ሰዓት ተኩል ነው» የሚል የቡና ቤት ታሪክ ይዘው ይመለሳሉ። እንዲህ ብሎ የማለ ሰው አውቃለሁ።

ከአሰላ ቦሌ

ብዙ ሰው የ11,560ውን ኪሎ ሜትር ይጨነቅበታል፤ ጉዞውን የሚያበላሸው ግን 175ቱ ነው። አየር ላይ ያለው ሰዓት ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ መሬት ላይ ያለው አይታወቅም።

ከአሰላ በቁሉምሳ፣ በጎንዴ፣ በኢተያና በዴራ ወርደው አዳማ ለመግባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በደህና ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከአዳማ በፈጣኑ መንገድ እስከ ቱሉ ዲምቱ አንድ ሰዓት ገደማ። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ግን በካርታ ቅርብ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ሩቅ ነው፤ አርባ ደቂቃም ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አራት ሰዓት ተኩል ይያዙለት፤ በዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ለጎማ፣ ለዝናብ፣ ለተዘጋ መንገድ ይጨምሩ። በአውቶቡስ ወይም በአባዱላ የሚሄዱ ከሆነ መናኸሪያ ውስጥ ሰው እስኪሞላ የሚጠበቀውን ጊዜ ደግሞ ይቁጠሩ። በረራዎ የአጥቢያ ከሆነ ከአሰላ በብርሃን ይውጡ፤ ከኢተያ በታች ያለውን መንገድ በጨለማ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት ለትልቅ ጉዞ ጥሩ መጀመሪያ አይደለም። አቅሙም ዘመዱም ካለዎት አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ማደሩ ከሁሉ ይሻላል።

ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት፣ ለአሜሪካ በረራ 4 ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ለአሜሪካ መንገደኛ ፍተሻውና ጥያቄው ይደጋገማል። ሸኚው ብዙ ከሆነ ለልቅሶውም ሩብ ሰዓት ይያዙለት።

ሻንጣውን ቤት ውስጥ ይመዝኑ። የወፍጮ ቤት ሚዛን ይበቃል። የሚፈቀደው ኪሎና የሻንጣ ቁጥር ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ እሱን እንጂ የጎረቤትን ወሬ አይመኑ። ቋንጣና ሌላ ሥጋ ነክ ነገር ወደ አሜሪካ አይገባም። ጭኮ፣ በሶ፣ በርበሬና ሽሮ የያዘ ሰው በሚሞላው ቅጽም ሆነ በሚጠየቀው ጥያቄ «ምግብ ይዣለሁ» ይበል፤ ያሳወቁት ነገር ቢከለከል ይወሰዳል እንጂ አያስቀጣም፣ የደበቁት ግን ያስቀጣል።

ከደጃፍ እስከ ደጃፍ

አሁን ሁሉንም እንደምር። የምሳሌው በረራ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ቦሌ ከምሽቱ 12፡30 መድረስ አለብዎት፤ ስለዚህ ከአሰላ ልክ 6 ሰዓት ቀትር ላይ ይወጣሉ። በማግሥቱ በእኛ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ደለስ ያርፋሉ፤ እዚያ ጠዋት ነው። ኢሚግሬሽኑና ሻንጣው ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይበሉ። ደለስ ከዋሽንግተን መሐል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ቨርጂንያ ውስጥ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያውያን ወደሚበዙባቸው አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይያዙ። አሰላ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆነ። ከቀትር 6 እስከ ማግሥቱ ምሽት 1 ሰዓት፦ 31 ሰዓት። አየር ላይ የነበሩት የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በመመለሻው ከልጅዎ ቤት በእነርሱ 06:00 ወጥተው፣ ቦሌ ጠዋት አርፈው፣ በእኛ 7፡30 ቀን ላይ አሰላ ቢገቡ 23 ሰዓት ተኩል ይሆናል። «ሁለት ቀን ፈጀብኝ» ያለው ሰውዬ የት ጋ እንደቆጠረ አሁን ገባን።

ሰውነት ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። የ8 ሰዓት ልዩነት ለመልመድ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው ከሄደበት ይልቅ ሲመለስ ይከብደዋል፣ ወደ ምሥራቅ መምጣት ቀንን ስለሚያሳጥር። እንደ ደረሱ እንቅልፍ ቢጥልዎትም እስኪመሽ ውጭ ብርሃን ላይ ይቆዩ። ደጋግሞ የሚያስቸግረው ሌላም ነገር አለ። እኛ ቀን የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ሰዓት ስለምትወጣልን ያዋጣናል። ዋሽንግተን በጥር መጀመሪያ ቀኑ አሥር ሰዓት አይሞላም፤ በሰኔ ወደ አሥራ አምስት ይጠጋል። «ጠዋት 12 ሰዓት» ብለው ሲነሡ ድቅድቅ ጨለማ ሊሆን ይችላል። የእጅ ሰዓትዎን በአሰላ አቆጣጠር መተው ከፈለጉ ይተዉት፤ ስልክዎ የዚያን አገር ሰዓት ራሱ ያስተካክላል።

አሰላ ለሚቀሩት ደግሞ አንድ አቋራጭ ልስጣቸው። በእኛ አቆጣጠር ያለውን ሰዓት ይያዙና በክረምታቸው 2፣ በበጋቸው 1 ይቀንሱ፤ የሚያገኙት ቁጥር ዋሽንግተን ያለው ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ነው። በጥር አሰላ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ከ2 ላይ 2 ሲቀነስ 0፣ ማለትም እዚያ 12፣ እኩለ ቀን ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነም 12 ይመጣል፤ ያኛው ግን እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ በጠዋት አይደውሉ፤ ልጅ ደንግጦ ይነሣል። እራት ከተበላ በኋላ ይደውሉ፤ እዚያ የምሳ ሰዓት ነው።